የአረጋውያንን መድኃኒት መቀነስ፦ ከፋርማሲው መስኮት ጀርባ ያየሁት

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የተመላላሽ ሕሙማን ክፍል ፋርማሲስት ነኝ። የግፊት፣ የስኳርና የልብ ክትትል ያላቸው ሰዎች መድኃኒታቸውን የሚወስዱት ከእኛ ነው። አብዛኞቹ ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ እናቶችና አባቶች ናቸው። ይህን የምጽፈው እቤቱ እንዲህ ያለ ወላጅ ላለው ሰው ነው። አንድ አረጋዊ አዲስ ሕመም ሲጀምራቸው ምን መድኃኒት ይጨመርላቸው ከማለት በፊት፣ አሁን ከሚወስዱት ውስጥ ይህን ያመጣባቸው የቱ ይሆን ብሎ መጠየቅ ይገባል። መልሱ ብዙ ጊዜ እዚያው ፌስታላቸው ውስጥ ይገኛል።

ለዚህ ነው አረጋውያንን ሁሉ በሚቀጥለው ቀጠሮ ቤት ያለውን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዘው እንዲመጡ የምለምናቸው። የሚውጡትንም የተዉትንም፣ ከጎረቤት ያገኙትንም፣ ልጃቸው ከውጭ የላከላቸውንም፣ የሚቀባውንም፣ እንደ ሻይ የሚያፈሉትን ቅጠልም። መጀመሪያ ላይ ይዘው የሚመጡት እኛ የሰጠናቸውን ብቻ ነው። "ሌላ የሚወስዱት የለም?" ስላቸው "የለም" ይላሉ። "ለእንቅልፍ የሚወስዱትስ?" ስል ነው "እሱማ አለ፤ እሱ መድኃኒት መች ሆነና" የሚሉት። ስለዚህ ጥያቄውን በሕመም እየከፋፈልኩ እጠይቃለሁ፤ ለእንቅልፍ፣ ለጉልበት፣ ለጨጓራ፣ ለሆድ ድርቀት፣ ለጉንፋን። እናንተም ቤት ውስጥ እንዲሁ ብትጠይቁ ያላሰባችሁት ይወጣል።

አንዲት የ78 ዓመት እናት ልጃቸው ደግፋ አመጣቻቸው። በቅርብ ወድቀዋል፣ ያዞራቸዋል፣ ቀን ቀን ይፈዛሉ፣ የልጅ ልጆቻቸው ስም ይጠፋባቸዋል። ልጅቷ ልትጠይቀኝ የመጣችው የማስታወስ መድኃኒት ካለ ብላ ነበር። ፌስታሉን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍነው። ከእኛ የሚወስዱት የግፊት መድኃኒት፣ አምሎዲፒን 10 ሚሊግራም፣ አለ። አጠገቡ ኖርቫስክ የሚል ባለ 5 ሚሊግራም ካርቶን አለ፤ ከውጭ በሰው የተላከ ነው። ሁለቱ አንድ መድኃኒት ናቸው። እማማ ግን "ያ የግፊት፣ ይሄ የልብ" ብለው አንዱን ጠዋት አንዱን ማታ ይወስዳሉ። ውኃን በሽንት የሚያስወጣው ላሲክስ አለ፤ እግራቸው ሲያብጥ ሰፈር ያለ ክሊኒክ ያዘዘላቸው። ዲያዜፓም አለ፤ እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው ሌላ ቦታ የተሰጣቸው። ለጉልበታቸው ያለ ማዘዣ እየገዙ የሚወስዱት ዲክሎፌናክ፣ ለጨጓራቸው ከሁለት ዓመት በላይ የቆዩበት ኦሜፕራዞል፣ በመጨረሻም ታይሌኖል ፒኤም።

እነዚህን በተጀመሩበት ቅደም ተከተል ስናስቀምጣቸው ታሪኩ ራሱ ተናገረ። ዲክሎፌናክ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ግፊታቸው አልወርድ ሲል አምሎዲፒኑ ከ5 ወደ 10 ከፍ ተደረገ። አምሎዲፒን ደግሞ በተለይ መጠኑ ሲጨምር ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል። እብጠቱ ላሲክስ አሳዘዘ፤ ይህ ዓይነቱ እብጠት ግን ሰውነት ውኃ ስላጠራቀመ የመጣ አይደለምና ላሲክስ እምብዛም አይፈይድለትም። ላሲክሱን የሚወስዱት ማታ ስለነበር ሌሊቱን ሙሉ ለሽንት ይነሣሉ። እንቅልፍ ሲያጡ ዲያዜፓም ተጨመረ። ከዚያ በኋላ በጨለማ ደንዝዘው ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ ወደቁ። ኦሜፕራዞሉም የመጣው ዲክሎፌናክ ጨጓራቸውን ስላቃጠላቸው ነው። እያንዳንዱ ሐኪም ፊቱ ለቀረበው ሕመም መልስ ሰጥቷል፤ ሁሉንም አንድ ላይ ያየ ግን ማንም አልነበረም። የመድኃኒትን ጉዳት አዲስ በሽታ ነው ብሎ ሌላ መድኃኒት የመጨመርን ሰንሰለት ፖላ ሮሾን እና ጄሪ ጉርዊትዝ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1997 በጽሑፍ ካሳዩ ወዲህ በሙያችን የታወቀ ነገር ነው። የታወቀ ቢሆንም በየቀኑ አየዋለሁ።

"እኔም እኮ ይሄንኑ ዲክሎፌናክ እወስዳለሁ፣ ምንም አልሆንኩም" አለችኝ ልጅቷ። እውነቷን ነው። ልዩነቱ ያለው ሰውነታቸው ላይ ነው፤ ይህን ለማስረዳት ከወሬ ይልቅ ስሌት ይቀለኛል። የእማማ የኩላሊት ምርመራ፣ ክሪያቲኒን የሚባለው፣ 1.0 ነው። የላብራቶሪ ወረቀቱ ላይ ደህና ተብሎ አልፏል። ነገር ግን ክሪያቲኒን የሚመነጨው ከጡንቻ ነው፤ ሰው ሲያረጅና ሲከሳ ጡንቻው ስለሚያንስ ኩላሊቱ ደክሞም ቁጥሩ ጥሩ ሊመስል ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የምንሠራበት ቀመር አለ። ዕድሜ ከ140 ይቀነሳል፣ በክብደት ይባዛል፣ ክሪያቲኒኑ በ72 ተባዝቶ ለሚገኘው ይካፈላል፣ ሴት ከሆነች በ0.85 ይባዛል። እማማ 45 ኪሎ ናቸው። ከ140 ላይ 78 ሲነሣ 62፣ በ45 ሲባዛ 2,790፣ ለ72 ሲካፈል 38.75፣ በ0.85 ሲባዛ 33 ገደማ። ኩላሊታቸው በደቂቃ የሚያጣራው 33 ሚሊ ሊትር ያህል ነው ማለት ነው። 60 ኪሎ የምትመዝን የ30 ዓመት ሴት በዚያው 1.0 ውጤት 78 ይሆንላታል። ዲክሎፌናክን ከላሲክስ ጋር አድርጎ በ33 ላይ ባለ ኩላሊት ላይ መጫን ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ልጅቷ ከዚያ በኋላ ማብራሪያ አላስፈለጋትም። የስኳር ሕመም ኖሮባቸው ሜትፎርሚን የሚወስዱ ቢሆን ኖሮም ይህ ቁጥር ከ30 ሲወርድ መድኃኒቱ ይቆም ነበር። ስለዚህ ወላጃችሁን ስታሳክሙ ክብደታቸውን አስመዝኑ፤ ካርዱ ላይ ክብደት ያልተጻፈላቸው አረጋውያን ቁጥር ያሳዝነኛል።

ዲያዜፓምም እንዲሁ ነው። በ20 ዓመት ወጣት ሰውነት ውስጥ የመድኃኒቱ ግማሽ ለመውጣት 20 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። በ80 ዓመት ሰው ላይ ግን 90 ሰዓት ያህል ሊፈጅ ይችላል። ማታ ማታ የሚወስዱት ክኒን በየቀኑ በትናንቱና በከትናንት ወዲያው ላይ ይደራረባል። ቀን ቀን የሚያፈዛቸውና እግራቸውን የሚያውከው እሱ ነው። ታይሌኖል ፒኤም ውስጥ ደግሞ ከሕመም ማስታገሻው ጋር ዳይፌንሃይድራሚን የሚባል የሚያስተኛ መድኃኒት አለ። ይህም በአረጋውያን ላይ አእምሮን ያደበዝዛል፣ አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሽንት ይይዛል።

ለአረጋውያን የማይመከሩ መድኃኒቶችን የምናመሳክርበት ዝርዝር አለ። አንዱ ማርክ ቢርስ የተባለ አሜሪካዊ የአረጋውያን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1991 ለአረጋውያን መጦሪያ ተቋማት ብሎ የጀመረው ነው። አሁን የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር ያድሰዋል፤ በ2023 ታድሷል። ሌላው በአየርላንድ ኮርክ ከተማ ተነሥቶ በ2008 የወጣው ስቶፕ እና ስታርት የሚባለው ነው። እዚህ አገር ከሚዘወተሩት መካከል በእነዚህ ዝርዝሮች ላይ የማገኛቸው ዲያዜፓም፣ ለእንቅልፍ የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን፣ የጉንፋን ክኒኖች ውስጥ ያለው ክሎርፌኒራሚን፣ ለአለርጂና ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ፕሮሜታዚን፣ የሕመም ማስታገሻው ኢንዶሜታሲን፣ ለስኳር የሚሰጠው ግሊቤንክላማይድ፣ በቂ ምክንያት ሳይኖር ከ8 ሳምንት በላይ የሚወሰድ ኦሜፕራዞል ናቸው። ዝርዝር ግን ፍርድ አይደለም። ጨጓራቸው ደምቶ የሚያውቅ ወይም አስፕሪን የግድ የሆነባቸው ሰው ኦሜፕራዞሉን ለዓመታት ሊያስፈልጋቸው ይችላል። ስታርት የሚባለው ክፍል ደግሞ በተቃራኒው መጀመር ሲገባው የተረሳውን የሚያስታውስ ነው፤ ልባቸውን ታመው ተርፈው የኮሌስትሮል መድኃኒት ያልታዘዘላቸው አባት ሲያጋጥሙኝ ለሐኪሙ የምጽፈው ይጨመር ብዬ ነው።

ወደ እማማ ልመለስ። ፋርማሲስት በራሱ ሥልጣን የታዘዘ መድኃኒት አያቆምም። ሁሉንም በአንድ ገጽ ጻፍኩት፤ ስሙን፣ ለምን እንደተጀመረ፣ ማን እንዳዘዘው፣ አሁንም ምክንያቱ መኖር አለመኖሩን። ከዚያ ከሚከታተሏቸው ሐኪም ጋር ተቀምጠን አየነው። ሐኪሙ መጀመሪያ ያደረጉት ግፊታቸውን ተቀምጠው ከለኩ በኋላ አስነሥቶ መለካት ነበር። ተቀምጠው የላይኛው 142 የነበረው ቆመው 114 ሆነ። ሰው ሲቆም የላይኛው በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ማዞርና መውደቅ ሊከተል ይችላል። ይህ ልኬታ ብዙ ጊዜ አይፈጅም፤ ወላጃችሁ ሲነሡ የሚያዞራቸው ከሆነ ቆመው እንዲለኩላቸው በትሕትና ጠይቁ።

በዚያው ቀን የቆሙት ኖርቫስኩ፣ ዲክሎፌናኩና ታይሌኖል ፒኤሙ ናቸው። ለጉልበታቸው ሐኪሙ በወሰኑት መጠን ፓራሲታሞል፣ የሚቀባ ቅባትና ወንበር ላይ ተቀምጠው እግራቸውን እየዘረጉ የሚሠሩት እንቅስቃሴ ታዘዘ። ቀሪው በየተራ ነው የሄደው፤ ብዙ ነገር በአንዴ ሲቀየር ጥሩውንም መጥፎውንም ያመጣው የቱ እንደሆነ አይታወቅም። አምሎዲፒኑ ወደ 5 ወረደ፤ ግፊታቸው ሰፈራቸው ባለው ጤና ጣቢያ እየተለካ። እብጠቱ ሲቀንስ ላሲክሱ ቆመ። ሌሊት መነሣቱ ሲቀንስ ዲያዜፓሙን ለመንካት ጊዜው ሆነ፤ እሱን ግን በአንዴ ማቆም ክልክል ነው። ክኒኑን ቆርሰን በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እያሳነስን ወራት ወሰደ። በመካከል እንቅልፍ አጥተው የተጨነቁበት ሳምንት ነበር፤ መልሰን ሳንጨምር በዚያው መጠን ቆይተን አሳለፍነው። ኦሜፕራዞሉ የመጨረሻው ሆነ። ሲቆም ለጥቂት ጊዜ ቃር ሊነሣ እንደሚችል ቀድመን ስለነገርናቸው አልደነገጡም።

ጉልበታቸው ዛሬም ያማቸዋል፤ በዲክሎፌናክ ጊዜ ከነበረው ይልቅ ያማቸዋል ብል ይሻላል። ግን በምርኩዝ ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ይመለሳሉ፣ የልጅ ልጆቻቸውን በስም ይጠራሉ። ልጅቷም ያን የማስታወስ መድኃኒት ጥያቄ ደግማ አላነሣችውም።

ጾም ሲገባ የምፈራው ሌላ ነገር አለ። ግሊቤንክላማይድ፣ ብዙዎች ዳኦኒል የሚሉት፣ ሰው በላም አልበላም ስኳሩን ያወርደዋል፤ ሥራውም ረጅም ሰዓት ይቆያል። በዐቢይ ጾም አንድ አባት ክኒናቸውን ጠዋት ውጠው እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምሱ ሲቆዩ፣ ቤተሰቡ ስትሮክ መስሎት ተሸክሟቸው መጣ። ላብ አጥምቋቸዋል፣ ንግግራቸው ተሳስሯል፣ ልጃቸውን አላወቁትም። ስኳራቸው ሲለካ ከ50 በታች ነበር፤ ከ70 በታች ሲሆን ነው ወርዷል የምንለው። ግሉኮስ ሲሰጣቸው ነቁ። ቤተሰቡ ወዲያው ይዟቸው ሊሄድ ፈለገ፤ ግን ይህ መድኃኒት ሰውነት ውስጥ እስካለ ድረስ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ስለሚችል ሐኪሙ አሳድረው ተከታተሏቸው። እቤት ውስጥ እንዲህ ዓይነት ነገር ካያችሁና መዋጥ ከቻሉ ስኳር በጥብጣችሁ አጠጧቸው፣ ራሳቸውን ከሳቱ ግን ምንም ነገር በአፋቸው ሳታደርጉ ወደ ሕክምና ውሰዷቸው። ስኳሩ ተስተካከለ ብላችሁም ሳይታዩ እቤት አታስቀሯቸው።

የእኚህ አባት መድኃኒት ከዚያ በኋላ ተቀየረ። የሦስት ወር አማካይ የስኳር ምርመራቸውም ዒላማው ላላ፤ ሌላ ብዙ ሕመም ላለባቸው አረጋውያን ከ8 በመቶ በታች መሆኑ ይበቃል። እኔ ለቤተሰብ የምመክረው ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙንም የንስሐ አባትንም ማነጋገር ነው። የንስሐ አባታቸው "ይብሉ" ካሏቸው እናቶችና አባቶች ይሰማሉ፤ እኛ ብንናገር ግን እምነታቸውን የነካን ይመስላቸዋል። ለረመዳንም ያው ነው፤ እስልምናም ሕመምተኛን ከጾም ያወጣል፣ ለመጾም የሚወስኑ ካሉም የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን ቀድሞ መስተካከል አለበት።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የቤተሰብ ፍርሃት ነው። "አባቴን አርጅቷል ብላችሁ ልትተዉት ነው?" ብሎ አንድ ወጣት በመስኮቱ ጮኾብኛል። ይገባኛል። በእኛ ዘንድ መድኃኒት ማብዛት እንደ መውደድ ነው የሚታየው፤ ሐኪም ምንም ሳያዝ ሲያሰናብት የናቀን ይመስለናል። ስለዚህ "እናቆማለን" ብዬ አልጀምርም። "ይህ ለምን እንደተጀመረ ያስታውሳሉ?" እላለሁ። ከዚያ "ለአንድ ወር እናሳንሰውና እንየው፤ ካልተስማማዎት እንመልሰዋለን" እላለሁ። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ የሚመለስም አለ።

ከውጭ ለምትልኩ ልጆች ደግሞ አደራ። የምትልኩት በፍቅር መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ከመላካችሁ በፊት እዚህ ያለውን የመድኃኒት ዝርዝር በፎቶ አስልኩ። የንግድ ስሙን ብቻ አትዩ፤ ከሥሩ በትንሹ የተጻፈውን የመድኃኒቱን ስም ተመልከቱ። ካርቶኑ ላይ ፒኤም የሚል ካለ የሚያስተኛ ነገር አለበት ማለት ነው። አሊቭ የሚባለው ናፕሮክሲን ነው፤ ለኩላሊትና ለጨጓራ ከዲክሎፌናክ የተለየ አይደለም። ልብም ስትሮክም ታመው ለማያውቁ አረጋዊ "ለጥንቃቄ" ብሎ አስፕሪን መላክም ቀርቷል፤ ከ60 ዓመት በላይ ላሉት እንደ አዲስ ማስጀመር አይመከርም፣ የመድማት አደጋው ያመዝናል። ወላጆቻችሁን አሜሪካ ወስዳችሁ የምታሳክሙ ከሆነ፣ የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን የመድኃኒት ክፍል በሆነው በሜዲኬር ፓርት ዲ መስፈርቱን ለሚያሟሉ ሰዎች መድኃኒታቸውን በሙሉ ከፋርማሲስት ጋር ቁጭ ብሎ የማየት አገልግሎት ያለ ክፍያ አለ፤ ደውላችሁ ጠይቁ። አማርኛ አስተርጓሚም ጠይቁ፤ እናት ስለ ሽንትና ስለ እንቅልፍ በልጅ አፍ ሁሉንም አያስወሩም።

አንድ የማስጨንቅበት ነገር አለ። ይህን አንብባችሁ ማታውኑ የወላጃችሁን ክኒን አንሥታችሁ እንዳትደብቁ። ዲያዜፓም በድንገት ሲቆም ያንቀጠቅጣል፣ የሚጥልም ሊያመጣ ይችላል። አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎልን የመሰሉ የልብ መድኃኒቶች በድንገት ሲቆሙ ልብን ያናጋሉ። ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ፕሬድኒሶሎንም እንዲሁ በአንዴ አይቆምም። የሚጥል በሽታ መድኃኒትማ ጭራሽ አይነካም። ግፊታቸው ደህና ስለሆነ ብቻ የግፊት መድኃኒት የሚያቋርጡም አሉ፤ ደህና ያደረገው መድኃኒቱ ነው።

ፌስታሉን ይዛችሁ ስትመጡ የሚቻል ከሆነ ከሰዓት በኋላ ኑ፤ ጠዋት ሰልፉ ለመነጋገር ጊዜ አይሰጥም። መድኃኒት ከተቀነሰ በኋላ ባሉት ሳምንታት ግፊቱን፣ እንቅልፉን፣ አወዳደቁን፣ የምግብ ፍላጎቱን ደብተር ላይ ከነቀኑ መዝግቡ። መድኃኒቱ የተጀመረበት ሕመም ተመልሶ ከመጣም ቀጠሮውን ሳትጠብቁ ደብተሩን ይዛችሁ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ያኔ መድኃኒቱ ባነሰ መጠን ሊመለስ ወይም ለአረጋዊ በሚስማማ ሌላ ሊተካ ይችላል።